ሃሎዊን በጨለማ ነው የሚታየው

(ሜሪላንድ ውስጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻቸውን ለአማርኛ ትምህርት ለሚያመጡ ወላጆች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ። ልጆቹ ክፍል ገብተዋል። እስኪወጡ አንድ ሰዓት አለን። ከፊታችሁ ያለውን ጠረጴዛ ስታዩ ቆሻሻ ልጥል የመጣሁ ሊመስላችሁ ይችላል። ባዶ የወተት ጀሪካን፣ የቲማቲም ጣሳ፣ የእንቁላል ካርቶን፣ የሶፍት ማዞሪያ፣ ጥቁር ወረቀት፣ አንድ ዱባ። የሃሎዊን ማስጌጫዬ በሙሉ ይኸው ነው። ዛሬ አሠራሩን አሳያችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁ። ትልቋ ልጄ አንደኛ ክፍል የገባች ዓመት፣ ከትምህርት ቤት መጥታ «እማ፣ የእኛ ቤት ብቻ ነው ምንም የሌለው» አለችኝ። አነጋገሯ አንጀቴን በላኝ። በማግስቱ ሱቅ ሄጄ ሰማንያ ዶላር ገደማ አወጣሁ። በአየር የሚነፋ ትልቅ ጣረ ሞት፣ የፕላስቲክ የሸረሪት ድር፣ አንድ ሁለት ነገር ጨመርኩበት። በሁለተኛው ቀን ማታ ነፋስና ዝናብ መጣ። ጠዋት ስንነሳ የሚነፋው ነገር ተቀዶ፣ ሣሩ ላይ እንደ እርጥብ ፌስታል ተኝቷል። ልጄ አለቀሰች። እኔም ውስጤ ተቃጠለ። ያ ገንዘብ የሳምንት አስቤዛ ነበር።

በዓመቱ የሚወጣ ገንዘብ አልነበረም። አንድ ጎረቤቴ የወተት ጀሪካን እንዳልጥል ነገረችኝ። ከመስከረም አጋማሽ ጀምረን አጠራቀምን። አሥር ሲሞላ በማርከር ዓይንና አፍ ሣልንባቸው። ውስጣቸው የገና መብራት ከተን ደረጃው ላይ ደረደርናቸው። ያን ማታ፣ በሃሎዊን ልማድ ልብስ ቀይረው ቤት ለቤት ከረሜላ ሊለምኑ የመጡ ልጆች ደጃችን ላይ ቆመው ያዩ ነበር። አንድ ትንሽ ልጅ አባቱን እጁን ጎትቶ አስቆመው። ከእኛ ማዶ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ቤት አለ፤ እዚያም ይቆማሉ። ግን እኛ ጋም ቆሙ። ለምን ቆሙ የሚለውን ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር። እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ሃሎዊን የማያከብር ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ኦክቶበር 31 በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ነው፤ ከአራት ዓመት አንዴ ብቻ 20 ላይ ይውላል። 21 ማርያም ናት። ወሩም የጽጌ ወቅት ነው። በዚያ ቀን ቤቴን አጽምና ጣረ ሞት አልሰቅልም የሚል ሰው ምክንያት አለው። ጴንጤ ወንድሞችና እህቶችም እንደዚሁ ብዙዎቻችሁ አትፈልጉትም። ይህን ልከራከር አልመጣሁም። ግን ልጆቻችን ትምህርት ቤት ውለው ሲመጡ የሚያወሩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማሳያችሁን ሁሉ ያለ አጽምና ያለ ጣረ ሞት መሥራት ይቻላል። በጣሳው ላይ ኮከብ መብሳት ትችላላችሁ። በመስኮቱ ላይ ጉጉት፣ ዛፍ፣ የወደቀ ቅጠል። ዱባ ደግሞ ዱባ ነው፤ ፊት ካልተቀረጸበት የመከር ጌጥ ነው። እናቴ ሊጠይቁን የመጡ ዓመት እንደዚያ ነው ያደረግነው። እሳቸውም ደስ አላቸው፣ ልጆቹም አልተከፉም።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በዓሉ በእጅ ሥራ የጀመረ መሆኑን ማወቅ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ሃሎዊን የሚለው ስም የመጣው ከቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ነው። ልማዱ ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ነው። እዚያ ዱባ አልነበረም። ተርኒፕ የሚባል፣ ቀይ ሥር የሚመስል ግን ነጣ ያለ የመሬት ሥር ነበር የሚቦረቡሩት። በአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ከዶኒጎል የመጣ የአንድ ተርኒፕ ፋኖስ ቅጂ አለ። ፎቶውን ብታዩት የተጨማደደ የሽማግሌ ፊት ነው፤ ዛሬ ሱቅ ከሚሸጠው ሁሉ ይበልጥ ያስፈራል። የሠራው ሰው ቢላና አንድ የሾርባ አትክልት ብቻ ነበረው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1840ዎቹ ረሃብ ብዙ አይሪሾች ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ ልማዱን ይዘው መጡ። እዚህ ደግሞ ዱባ አገኙ። ዱባ የአሜሪካ ተክል ነው፤ እኛ አገር የገባውም መነሻው ከዚሁ አህጉር ነው። ከተርኒፕ ይተልቃል፣ ውስጡም ለስላሳ ነው። በዚያው ቀሩ።

ቤትን ማስጌጥ የመጣው ደግሞ በወረቀት ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ዴኒሰን የሚባል የወረቀት ፋብሪካ ነበር። በ1909 ለሃሎዊን ክሬፕ ከሚባለው የተጨማደደ ስስ ወረቀት ምን ምን መሥራት እንደሚቻል የሚያሳይ ትንሽ መጽሔት አወጣ። ከ1912 ጀምሮ ደግሞ ለብዙ ዓመት በተከታታይ ያወጣው ነበር። የጠረጴዛ ልብስ፣ የግድግዳ ድመት፣ የመብራት ሽፋን፣ ሁሉም በመቀስና በኮላ። ኩባንያው ወረቀቱን ለመሸጥ ነው ያደረገው፤ እውነት ነው። ግን የቤት እመቤቶቹ ራሳቸው ነበሩ ቆርጠው የሚሠሩት።

ዛሬ ነገሩ ተቀይሯል። የአሜሪካ የችርቻሮ ነጋዴዎች ፌዴሬሽን በ2023 ሕዝቡ ለሃሎዊን 12.2 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል ብሎ ገምቶ ነበር። ከዚያ ውስጥ 3.9 ቢሊዮኑ ለማስጌጫ ብቻ ነው። ሆም ዲፖ የሚባለው የቤት መሥሪያ ዕቃ ሱቅ በ2020 ቁመቱ 12 ጫማ የሆነ አጽም በ299 ዶላር ማውጣቱን ታስታውሱ ይሆናል። ሦስት ሜትር ተኩል ያልፋል። እኛ ሰፈርም አለ። ልጆቼ ይወዱታል፣ እኔም ባለቤቱን ደስ ይበልህ እለዋለሁ። ግን ልጄ «የእኛስ?» ስትል 299 ዶላር የለኝም።

እና የወተት ጀሪካኖቹ ለምን ሠሩ? ይህን ያዙልኝ። ሃሎዊን የሚታየው በጨለማ ነው። የሚታየው ከመንገድ ላይ ነው፣ ከአሥር አሥራ አምስት እርምጃ ርቀት። የሚታየውም ለሁለት ሰዓት ነው። እኛ አካባቢ በዚያ ቀን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ነው፤ ልጆቹ የሚዞሩት እስከ 2 ሰዓት ገደማ። በዚያ ጨለማ ውስጥ ዕቃው ከምን እንደተሠራ ማንም አያይም። የሚታየው ብርሃንና ጥላ ነው። ውድ ፕላስቲክና የሴሪያል ካርቶን በጨለማ አንድ ናቸው፤ ጥላቸው እኩል ጥቁር ነው። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ገንዘቤን ያጠፋሁት ቀን ቀን በሚያምር ነገር ላይ ነበር። ማታ መብራት ስላልነበረው ማንም አላየውም።

ስለዚህ ስትሠሩ ጥያቄያችሁ «ምን ልግዛ?» አይሁን። «መብራቱ የት ነው? ጥላው የት ያርፋል?» በሉ።

ከመስኮት እንጀምር። ብዙዎቻችን የምንኖረው አፓርታማ ነው። ግቢ የለንም። መስኮት ግን ሁላችንም አለን። ጥቁር ወፍራም ወረቀት፣ ፖስተር ቦርድ የሚባለውን፣ አንድ ሁለት ትገዛላችሁ። ዶላር ትሪ የሚባለው ርካሽ ሱቅ ድሮ ሁሉም ነገር አንድ ዶላር ነበር፤ በ2021 መጨረሻ ወደ 1.25 ከፍ አደረጉት። አሁንም ርካሽ ነው። ወረቀቱን ለሁለት አጥፉት። በታጠፈው በኩል የሌሊት ወፍ ግማሽ አካል ሣሉ፣ አንድ ክንፍ ብቻ። ቆርጣችሁ ስትዘረጉት ሁለቱም ክንፍ እኩል ይወጣል። ለትንሽ ልጅ ይህ አስማት ነው። የእኔ ትንሹ ዘርግቶ ሲያየው እየጮኸ ቤቱን ዞረ።

ድመት ስትሠሩ ጀርባዋን ከፍ፣ ጅራቷን ቀጥ አድርጉ። ዝርዝር አትጨነቁ። ከመንገድ የሚታየው ዙሪያው ብቻ ነው። ጆሮ፣ ጅራት፣ ጥፍር፣ እነዚህን አጋንኑ። ዓይኖቿን ቆርጣችሁ አውጡና ከኋላ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ስስ የስጦታ ወረቀት ለጥፉ። መብራት ሲበራ ዓይኖቿ ይነድዳሉ።

ከዚያ ድመቷን መስኮቱ ላይ ከውስጥ በኩል በፕላስተር ትለጥፋላችሁ። ከኋላዋ ነጭ አንሶላ ይሰቀላል። ይህ አንሶላ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ የቤታችሁን ውስጥ ይሸፍናል። ሁለተኛ የመብራቱን ብርሃን በመስኮቱ ሁሉ ላይ እኩል ያሰራጫል። መብራቱ ከአንሶላው ኋላ፣ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ኤልኢዲ አምፖል ተጠቀሙ፤ ብዙ አይግልም። አንሶላ ከሌለ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት መስኮቱን ሙሉ መለጠፍም ይቻላል፤ እኔ ኩሽና መስኮት ላይ ያደረግኩት እሱን ነው።

ጥላ መጫወት ለሚፈልግ ደግሞ ይቺን ልጨምር። ቅርጹ መስኮቱ ላይ ከተለጠፈ ጥርት ብሎ ይታያል። ቅርጹን ከአንሶላው ኋላ ወስዳችሁ ወደ መብራቱ ብታስጠጉት ጥላው ይገዝፋል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል። የእጅ የሚያህል ሸረሪት መስኮቱን ሙሉ ይይዛል። በክር አንጠልጥሉት። በር በተከፈተ ቁጥር ይወዛወዛል።

ይህን ሁሉ ስሠራ የሚታወሰኝ እንቁጣጣሽ ነው። ወንድሞቼ ከአዲስ ዓመት ሳምንት በፊት ጀምረው ወለል ላይ ተደፍተው ይሥሉ ነበር። አበባ፣ መልአክ፣ ፀሐይ። በበዓሉ ጠዋት ቤት ለቤት ዞረው ያድሉና ሳንቲም ይቀበላሉ። ማንም ከሱቅ አልገዛም። የሚያምረውን የሚሥል ልጅ በሰፈሩ ይታወቅ ነበር። አሁን ልጆቼ ወለሉ ላይ ጥቁር ወረቀት ዘርግተው ሳያቸው ያው ነው። ጎንበስ የሚሉት አንገት እንኳን ያው ነው።

ወደ ጣሳው ልለፍ። ይሄኛውን በጣም ነው የምወደው። ጣሳ በምስማር ለመብሳት የሞከረ ሰው ያውቃል፤ በመጀመሪያው ምት ጭርምት ይላል። መላው ውኃ ነው። ጣሳውን አጥቡና ውኃ ሙሉበት፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ሁለት ጣት ያህል ጎደል ይበል፣ በረዶ ሲሆን ያብጣልና። ማታ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ጠዋት ጣሳው ጠንካራ በረዶ ይዟል። ታጥፎ የተነጠፈ ፎጣ ላይ ጋደም አድርጉት። ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ የሣላችሁትን ንድፍ ጣሳው ላይ በፕላስተር ለጥፉ። ከዚያ በመዶሻና በምስማር ነጥቦቹን እየተከተላችሁ መታ መታ። በረዶው ከውስጥ ስለሚደግፈው አይጨረመትም። ነጥቦቹን በአንድ ሴንቲ ሜትር ርቀት አድርጉ፤ በጣም ከተቀራረቡ ይገናኙና ይቀደዳሉ። በረዶው ሲቀልጥ አድርቁት። የባትሪ ሻማ ከታች አስቀምጡ።

አሁን እዚህ ያመጣሁት አንዱ ጨረቃ አለው፣ አንዱ የድመት ፊት። ሦስተኛው ላይ ልጄ በፊደል ስሟን በስታዋለች። ግድግዳ አጠገብ ስታስቀምጡት ስሟ ግድግዳው ላይ በብርሃን ይጻፋል። ከዚህ ቅዳሜ ትምህርት የተረፈ ፊደል ጥቅምት ላይ ደጃችን ሲበራ ማየት ለእኔ የሚናገረው ነገር አለ።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዶ የሚያውቅ ሰው በጣሳ ሥራ አይደነቅም። እዚያ አሮጌ ብረትና ጣሳ ተቀጥቅጦ ማንደጃ ይሆናል፣ ማንቆርቆሪያ ይሆናል። እኔ ያደግኩት ያን ድምፅ እየሰማሁ ነው። ስለዚህ ምስማሩን ስመታ የሆነ ቦታ የደረስኩ ያህል ይሰማኛል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። የጣሳው አፍ ስለታም ነው። ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኑት ወይም በፒንሳ ወደ ውስጥ እጠፉት። መምታቱን ስድስት ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ከአጠገቡ ሆናችሁ ይችለዋል።

የወተት ጀሪካን ቀላል ነው፣ ቶሎ ልንገራችሁ። መልኩ ወተት የመሰለውን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ግን የማያሳየውን ምረጡ። ያ ደብዛዛ ፕላስቲክ ብርሃኑን ይበትነውና ጀሪካኑ ሁለመናው ይበራል። ጥርት ያለው የውኃ ጀሪካን እንደዚያ አይሆንም፤ አምፖሉ ብቻ ነው የሚታየው። በሙቅ ውኃና በሳሙና ደህና አድርጋችሁ እጠቡ፣ አለዚያ ይሸታል። ወረቀቱ በሙቅ ውኃ ይለቃል። በማይለቅ ጥቁር ማርከር ዓይንና አፍ ትልቅ ትልቅ አድርጋችሁ ሣሉ። ከጀርባው ታች እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ቁረጡ። አንድ እፍኝ አሸዋ ወይም ጠጠር ጣሉበት፣ ነፋስ እንዳይወስደው። ከዚያ አንዱን የገና መብራት ገመድ በሁሉም ውስጥ አሳልፉት። ይህ ሥራ የሦስት ዓመት ልጅንም ያካትታል። የጠመመ ዓይን ከርቀት ጥሩ ነው የሚታየው።

ጣረ ሞት ለምትፈልጉ ሻሽና አሚዶ። አሚዶ ስል የሳቃችሁ አላችሁ፤ አዎ፣ እናቶቻችን ነጠላና አንገትጌ የሚያደርቁበት ነው። እዚህ የበቆሎ ስታርች ተብሎ የሚሸጠው ያንን ሥራ ይሠራል። ሁለት የሾርባ ማንኪያውን በትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡ። ሁለት ኩባያ የፈላ ውኃ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩ። ወፈር ሲል አውርዱና ይቀዝቅዝ። አንድ ጠርሙስ ላይ የተነፋ ፊኛ አስቀምጡ፣ ለክንድ ሽቦ አስሩበት፣ ሁሉንም በፌስታል ሸፍኑ። ሻሹን በአሚዶው ነክራችሁ ጨመቅ አድርጉና ጣሉበት። አንድ ሌሊት ይደር። ጠርሙሱን ስታወጡ ጨርቁ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ውስጡ ባዶ ነው። ልጆች እጃቸውን እየሰደዱ ያረጋግጣሉ። ውጭ ግን አይሆንም፤ ዝናብ ከነካው ይሟሽሻል። የቤት ውስጥ ነው።

ዱባው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚበሳጭበት እሱ ነውና። የመጀመሪያው ስህተት መቸኮል ነው። ዱባ ሳይቆረጥ ለሳምንታት ይቀመጣል። ከተቆረጠ ግን በእኛ አካባቢ የጥቅምት አየር አንዳንዴ ሞቃት ስለሆነ በአራት አምስት ቀን ይሻግታል። ስለዚህ ቅርጹን ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት አድርጉት። ስትገዙ ከታች ጠፍጣፋ የሆነውን፣ ልጡ ላይ የለሰለሰ ቦታ የሌለውን ምረጡ። በግንዱ አንጠልጥላችሁ አትያዙት፤ ይገነጠላል።

ከላይ ሳይሆን ከታች ክፈቱት። ሁላችንም ከላይ እንደ ድስት ክዳን ነው የምንቆርጠው። ከታች ከተከፈተ መብራቱን መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ዱባውን ትደፉበታላችሁ። ክዳኑ አይወድቅም፣ ከላይም ዝናብ አይገባም። ፍሬውን ልጆች በእጃቸውና በማንኪያ ያውጡ። ፊቱ የሚቀረጽበትን ግድግዳ ከውስጥ ፋቁት፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል እስኪሆን። ወፍራም ከሆነ ለመቁረጥም ይከብዳል፣ ብርሃንም አያወጣም። ለመቁረጥ ትልቅ የሽንኩርት ቢላ አትጠቀሙ፤ ይንሸራተታል። ትንሽ፣ መጋዝ የመሰለ ጥርስ ያለው የዱባ ቢላ ይሸጣል። እሱን ግዙ። ቆርጣችሁ ስትጨርሱ ውስጡን በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ እጠቡና አድርቁ፤ ሻጋታውን ያዘገየዋል። የተቆረጠውን ጠርዝ ቫዝሊን ቀቡት፣ ቶሎ እንዳይጨማደድ። በረኪና የነካ ዱባ ግን አይበላም።

ፍሬውን አትጣሉ። እጠቡ፣ አድርቁ፣ በትንሽ ጨውና ዘይት ምጣድ ላይ ቁሉት። ሚጥሚጣ ያረፈበት የቤታችን ትልቁ ውድድር ነው። ሥጋውስ ለዱባ ወጥ ይሆናል ወይ የምትሉ አላችሁ። ሞክሬዋለሁ። ለመቅረጽ የሚሸጠው ትልቁ ዱባ ውኃ ይበዛዋል፣ ክር ክር ይላል፣ ጣፋጭነቱም ያንሳል። ለወጥ ትንሹን የፓይ ዱባ ወይም በተርነት ስኳሽ የሚሉትን ግዙ።

ቢላ መያዝ የማትፈልጉ ዱባውን ቀለም ቀቡት። ሙሉውን ሰማያዊና አረንጓዴ መሀል ባለው ቀለም የቀባችሁት እንደሆነ ደግሞ ትርጉም አለው። የምግብ አለርጂ ላይ የሚሠራ ፌር የሚባል ድርጅት በ2014 በመላ አገሪቱ ያስፋፋው ምልክት ነው። «በዚህ ቤት የማይበላ ስጦታም አለ» ማለት ነው። እርሳስ፣ ተለጣፊ ሥዕል፣ ትንሽ ኳስ። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ልጅ ያለው ወላጅ ያንን ዱባ ሲያይ ፊቱ ይፈታል።

ትንንሾቹን ልጥቀስ። የሶፍት ማዞሪያ ካርቶን ላይ ሁለት ዓይን ትቆርጣላችሁ፤ ውስጡ ታጥፎ የሚበራውን ግሎው ስቲክ ከታችሁ ቁጥቋጦ ውስጥ ትደብቃላችሁ። ከጨለማው ሁለት ሁለት ዓይን ያፈጣል። ከእንቁላል ካርቶን ሦስት ተከታታይ ጉድጓድ ቆርጣችሁ፣ የሁለቱን ዳርቻ ታች ብትከረክሙት ክንፍ ይሆናል፤ ጥቁር ቀለም ስትቀቡት የሌሊት ወፍ። የሸረሪት ድር ከጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ይወጣል፤ ደጋግማችሁ ሦስት ማዕዘን አጥፋችሁ ጎኑን እየዘለላችሁ ትቆርጡታላችሁ። ወይ በነጭ የሹራብ ክር ሥሩት።

የሚዘረጋውን፣ ጥጥ የሚመስለውን የሱቅ ድር ግን ውጭ ዛፍ ላይ አታድርጉ። እለምናችኋለሁ። ትንንሽ ወፎችና ንቦች ይጠመዱበታል። እኔ የመጀመሪያው ዓመት ያን ድር የዘረጋሁበት ቁጥቋጦ ላይ አንዲት ወፍ እየተፈራገጠች አገኘኋት። በመቀስ ነው ያስለቀቅኳት። ልቧ በእጄ ውስጥ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤቴ አይገባም።

ስለ እሳት። የምሬን ነው፣ ይቺን አትለፏት። ወረቀት፣ ጭድ፣ ክሬፕ፣ ሻሽ ሁሉም ቶሎ ይቀጣጠላሉ። ልጆቹ ደግሞ የሚለብሱት ልብስ ረጅምና ቀላል ነው፤ ደረጃ ላይ ጎንበስ ሲሉ ይነካል። እውነተኛ ሻማ አልጠቀምም። የባትሪ ሻማ አንዴ ከገዛችሁ ባትሪውን እየቀየራችሁ ለዓመታት ይሆናል። እኔ ቆጣቢ ሰው ነኝ፣ ግን መብራት ላይ አልቆጥብም። ውጭ የምትዘረጉት ኤክስቴንሽን ለውጭ የተሠራ መሆኑ ይጻፍበታል፤ እዩት። ገመዱ ልጆቹ የሚያልፉበትን መንገድ አያቋርጥ። አፓርታማ ያላችሁ ደግሞ ኮሪደር ላይ በሩን በወረቀት ከመሸፈናችሁ በፊት አስተዳደሩን ጠይቁ። ብዙ ሕንፃ የእሳት ደንብ ስላለው አይፈቅድም። የበሩን ውስጥ አስጊጡ፤ ሲከፈት ልጆቹ ያዩታል።

ወጪውን ትጠይቁኛላችሁ። ባለፈው ዓመት ያወጣሁት ጥቁር ወረቀት ሁለት፣ ማርከር አንድ፣ የበቆሎ ስታርች፣ ግሎው ስቲክ፣ አንድ ዱባ። ሃያ ዶላር አልሞላም። መብራቶቹን የገዛኋቸው ከሁለት ዓመት በፊት በኖቬምበር የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ያኔ የሃሎዊን ዕቃ በግማሽ ዋጋ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። መብራት የምትገዙ ከሆነ ያኔ ግዙና ለሚመጣው ዓመት አስቀምጡ። ጣሳዎቹና ጀሪካኖቹ ምድር ቤት በአንድ ካርቶን ይቀመጣሉ። የወረቀቱን ድመት በሁለት ካርቶን መሀል ካስተኛችኋት አትታጠፍም። የእኛ ድመት አራተኛ ዓመቷ ነው። አንድ ጆሮዋ በፕላስተር ነው የቆመው።

ጊዜው ደረሰ። ልጆቹ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይወጣሉ። ጠረጴዛው ላይ መቀስም ወረቀትም አለ፤ የሌሊት ወፏን አንድ አንድ ቁረጡና ሲመጡ አሳዩአቸው። ምስማር መምታት የሚፈልግ፣ ኋላ ያለው ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ ስድስት በረዶ የሆነ ጣሳ አምጥቻለሁ። አሁን ግን መጋረጃውን ዝጉልኝ። ወንድሜ፣ አንተ በሩ አጠገብ ያለኸው፣ እባክህ መብራቱን አጥፋው። ጣሳዎቹን ላብራ።